ፓራዶክሲካል ኢምቦሊዝም ምንድን ነው? ቀዳዳን መድፈን የረጋ ደምን ማከም አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ልቡ ላይ ቀዳዳ የተገኘበት ሰው ሁሉ ስትሮክ ሳይመታው ቶሎ ያስደፍን» ብለው ሲመክሩ አነበብኩ፤ ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ጤነኛውን ለማያስፈልገው ሕክምና የሚዳርግ፣ ታማሚውን ደግሞ ከዋናው ሕክምና የሚያዘናጋ ነው።

ፓራዶክሲካል ኢምቦሊዝም የሚባለው በእግር ወይም በዳሌ ደም መላሽ ቧንቧ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ በመሄድ ፈንታ በልብ ግድግዳ ክፍተት ከቀኝ ወደ ግራ ሲሻገርና የአንጎልን ወይም የሌላ አካልን ደም ቅዳ ቧንቧ ሲዘጋ ነው። መሻገሪያው ብዙውን ጊዜ ፎራሜን ኦቫሌ ነው፤ ይህ የፅንስ ዘመን መተላለፊያ ከ4 አዋቂዎች በ1ዱ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ይቀራል፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

ክፍተቱን ወደ ግራ ብቻ እንደሚከፈት በር እናስበው። የግራው ግፊት ስለሚበልጥ በሩ ገጥሞ ይቆያል፤ ሰውየው ሲያስል ወይም ሲያምጥ ግን የቀኙ ግፊት ለቅጽበት ያይልና በሩ ገርበብ ይላል። ለዚህም ነው በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ ጊዜ በሁለት ስሪንጅ መካከል እየተገፋ አረፋ የሠራ የጨው ውኃ በክንድ ደም ሥር ሰጥተን ታማሚውን «አምጥ» የምንለው፤ አረፋው በ3 የልብ ምት ውስጥ ግራው ክፍል ላይ ከታየ በሩ ተከፍቷል። ሌባው ግን በሩ ሳይሆን የረጋው ደም ነው። በሩን ብንቆልፍ ሌባው ከግቢው አይወጣም፤ ወደ ሌላው ክፍል፣ ወደ ሳንባ፣ ይገባል፤ እዚያም ይገድላል። ስለዚህ እግር ላይ የረጋ ደም ከተገኘ ቀዳሚው ሕክምና ቢያንስ ለ3 ወር የሚወሰድ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ነው። የረጋው ደም ራሱ በሩ ላይ ተሰክቶ ከታየ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው፤ ሄፓሪን የተባለው በመርፌ የሚሰጥ የደም ማቅጠኛ ወዲያው ይጀመራል፣ የሚቻል ከሆነም ቀዶ ሐኪሙ የረጋውን አውጥቶ ክፍተቱን ይዘጋል።

መድፈን ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ሌላ መንስኤ ያልተገኘለት ስትሮክ ባጋጠማቸው፣ በአብዛኛው ከ60 ዓመት በታች በሆኑ ታማሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በ2021 አንድ ላይ ሲተነተኑ፣ መድፈኛው የሚደገመውን ስትሮክ በዓመት ከ1.09 በመቶ ወደ 0.47 በመቶ ዝቅ አድርጓል፤ በአንጻሩ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የልብ ምት መዛባት ጨምሯል። «ሌላ መንስኤ ያልተገኘለት» የሚለው ሐረግ ከባድ ነው፤ ከብዙ ምርመራ በኋላ ብቻ የሚጻፍ ነው።

በተለይ በሀገራችን ወጣት በስትሮክ ሲመታ አስቀድሞ ሊፈተሽ የሚገባው በሩማቲክ የልብ በሽታ (የጉሮሮ ኢንፌክሽንን ተከትሎ በሚመጣ የልብ ቫልቭ ጉዳት) የጠበበው ማይትራል ቫልቭ፣ ማለትም በግራው የላይኛና የታችኛው የልብ ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ ነው። እዚያ ደሙ የሚረጋው በራሱ በግራው ክፍል ስለሆነ መሻገሪያ አያሻውም፤ የልብ ምቱ ከተዛባም ታማሚው አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው ልኬት) በየጊዜው እየተለካ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መውሰድ አለበት።