«ሥራውን እንጀምረው፣ ወረቀቱ ይደርሳል»፦ ስለ ሴክሽን 106 የሚነገሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በፌደራል ገንዘብ ሕንፃ የሚያድስ፣ የሚያፈርስ ወይም መሬት የሚቆፍር ሁሉ ሴክሽን 106 ይመለከተዋል። ከተማ ይሁን ቤተ ክርስቲያን ወይም የኮሚኒቲ ማዕከል ለውጥ የለውም። አንቀጹ እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ውስጥ የሚገኝ ነው። ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ሥራው በታሪካዊ ቦታዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመርና የሚመለከታቸው አካላት እንዲማከሩ ያዛል። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሕግ ሆኖ ሳለ ዛሬም በየስብሰባው የሚሰማው ያው ነው፦

«ሥራውን እንጀምረው፣ ወረቀቱ ይደርሳል።»

አይደርስም። አንዴ የፈረሰ ግድግዳ አይመረመርም፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤም ግራንቱን አያድነውም። የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት (ሀድ) በከተሞች በኩል በሚሰጠው ብሎክ ግራንት፣ የፌደራሉን የምርመራ ኃላፊነት ተረክቦ የሚፈርመው ከተማው ወይም ካውንቲው ራሱ ነው። ግራንቱን ካመለከታችሁበት ጊዜ ጀምሮ ምርመራው ተጠናቆ፣ የገንዘብ መልቀቂያ የሚያስፈልገው ከሆነም መልቀቂያው እስኪጸድቅ ድረስ፣ ሕንፃ መግዛት፣ ማፍረስ፣ ማደስና የግንባታ ኮንትራት መፈረም ክልክል ነው።

«ለጊዜው በራሳችን ገንዘብ እንጀምር» የሚለውም ያው ስህተት ነው። ክልከላው የፌደራሉን ዶላር ብቻ አይመለከትም፤ አማራጭ የሚያጠብ ሥራ፣ ማለትም እንደ መግዛትና ማፍረስ ያለ ሌላ ምርጫን የሚዘጋ ሥራ፣ በማንም ገንዘብ ቢጀመር ፕሮጀክቱን ከድጋፉ ውጪ ያደርገዋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ምርመራውን ለማምለጥ ሆን ብሎ ቀድሞ ማፍረስ ነው። ሕጉ ለዚህ ሴክሽን 110(ኬ) የሚባል የተለየ አንቀጽ አለው፦ ገንዘብ ሰጪው መሥሪያ ቤት የፌደራሉን የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ አማካሪ ምክር ቤት አማክሮ በቂ ምክንያት ካላገኘ በስተቀር፣ እንዲህ ላደረገ አመልካች ገንዘብ መስጠት አይችልም።

እጅ አጣጥፋችሁ ጠብቁ ማለት ግን አይደለም። ንድፍ ማሠራት፣ የምሕንድስና ጥናትና የአስቤስቶስ ምርመራ ማድረግ ይፈቀዳል። ሕንፃው ከእጃችን ይወጣል ብላችሁ ከሠጋችሁ፣ ከዋጋው አነስተኛውን ብቻ ከፍላችሁ፣ ግዢው የሚጸናው ምርመራው ሲያልቅ መሆኑን የሚገልጽ የኦፕሽን ውል መፈረም ትችላላችሁ። ይህንን ጠበቃችሁ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፈው።

አብያተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ ሥራ አመራር ኤጀንሲ (ፌማ) ለአምልኮ ቦታዎች ደኅንነት በሚሰጠው ግራንት ላይ የሚሰናከሉት እዚሁ ጋ ነው። «ካሜራና በር ምን ጉዳት አለው?» ይላሉ። ጉዳቱ አገጣጠሙ ላይ ነው። መቦርቦሪያው የጡቡን ፊት ከመታ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ይቀራል፤ በጡቦቹ መካከል ያለውን ሞርታር ከመታ ግን ነገ ተነቅሎ ይደፈናል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ማሰሪያው በሞርታሩ ላይ ይሆናል፣ ሽቦው በውስጥ በኩል ይሄዳል» ብላችሁ ጻፉ። ለአጥር ደግሞ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በቁጥር አስቀምጡ። የጽሑፍ ማጽደቂያው ሳይመጣ የተገጠመ ዕቃ ወጪው አይተካም።

«ሕንፃው መዝገብ ላይ የለም፣ ስለዚህ አይመለከተንም።» ሕጉ በታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ የተመዘገበውን ብቻ ሳይሆን ለመመዝገብ ብቁ የሆነውንም ያካትታል፤ ብቁነቱን ማጣራት ደግሞ የምርመራው አንድ ክፍል ነው። እንደ መነሻ የሚወሰደው 50 ዓመት ነው። ሰው 50 ዓመት ሲባል ዓምድና ጉልላት ይታየዋል፤ በ1970 የተሠራ አፓርታማ፣ ነዳጅ ማደያና ሱቅም ግን ዕድሜውን አልፏል። ብቻውን ተራ የሚመስል ሱቅ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ታሪካዊ ሠፈር ሊሆን ይችላል። በዋሽንግተን ዘጠነኛው መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተሰለፉበት ቦታ የሚገኘው በታላቁ ዩ ስትሪት ታሪካዊ ሠፈር ውስጥ ነው።

«ታሪካዊ ከተባለ ሚስማር መምታት አይቻልም።» ሐሰት ነው። ሴክሽን 106 ሂደቱን ያዛል እንጂ ውጤቱን አይወስንም። ጉዳት አለ ከተባለ ጉዳቱን ለማስቀረት፣ ለመቀነስ ወይም ለማካካስ ውይይት ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜም ስምምነት ይፈረማል፤ ሥራውም ይቀጥላል።

«የከተማው የግንባታ ፈቃድ አለን።» እሱ ሌላ ሕግ ነው። ለታሪካዊ ሕንፃ እድሳት የሚሰጠው የታክስ ክሬዲትም ሌላ ነው።

«ከአካባቢ ጥናት ነፃ ተብለናል።» ከአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ነፃ መሆን ከሴክሽን 106 ነፃ አያደርግም።

«የስቴቱ የቅርስ ቢሮ ከለከለን።» ቢሮው ይመክራል፣ ይስማማል ወይም ይቃወማል። የመጨረሻው ውሳኔ ገንዘቡን የሚሰጠው የፌደራል መሥሪያ ቤት ነው፤ በሀድ ብሎክ ግራንት ከሆነ ደግሞ የከተማው ወይም የካውንቲው።

ፋይል ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ ግን መስኮት ነው። «አሮጌ ስለሆነ በቫይኒል እንቀይረዋለን» የሚል አንድ መስመር ይላካል፣ ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል፣ ከዚያ ሁሉም ቢሮክራሲውን ያማርራል። የጥንቱ መስኮት እንጨት ዛሬ ከሚሸጠው የጠጠረ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰውም ውኃ የሚተኛበት የታችኛው አግዳሚና ደፉ ብቻ ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ይተካል ወይም በኢፖክሲ ይሞላል፣ የመስታወቱ ፑቲ ይታደሳል፣ የነፋስ መከላከያ ይደረጋል፣ ከውጭ ስቶርም ዊንዶው (ተጨማሪ መከለያ መስኮት) ይታከላል። ቅዝቃዜው በዚህ ይቀንሳል። የቫይኒሉ ድርብ መስታወት ማሸጊያው ሲለቅ በመካከሉ ጉም ይይዛል፤ ያኔ መፍትሔው መጠገን ሳይሆን እንደገና መግዛት ነው።

በእርግጥ የማይጠገን ከሆነ ማስረጃ አቅርቡ፦ የሕንፃውን አራት ጎኖች የሚያሳይ ፎቶ፣ የእያንዳንዱ ዓይነት መስኮት የቅርብ ፎቶ፣ የትኛው ዓይነት ስንት እንደሆነና የትኛው ክፍሉ እንደተበላሸ የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ የአሮጌውና የአዲሱ የፍሬምና የመስታወት መከፋፈያ ስፋት ጎን ለጎን የሚታይበት ሥዕል። አዲሱ በንድፍ፣ በቀለም፣ ከተቻለም በቁሳቁስ አሮጌውን መምሰል አለበት። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ስለሚችል፣ ፍቆ የሚያነሳው ሰው በዚህ የሠለጠነ ይሁን።

ጡብም እንዲሁ ነው። በአሮጌ ለስላሳ ጡብ ላይ በጠንካራ ሲሚንቶ ፖይንቲንግ (በጡቦቹ መካከል ያለውን ሞርታር ማደስ) ከተሠራ፣ እርጥበቱ በሞርታሩ በኩል መውጣቱ ይቀርና በጡቡ በኩል ይወጣል፤ በክረምቱ ብርድ በረዶ ይሆንና የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ሞርታሩ ከጡቡ የለሰለሰ፣ ኖራ የበዛበት መሆን አለበት። አሸዋ እየተረጨ የሚታጠብ ጡብማ ጠንካራ ሽፋኑን ያጣል፤ መልሶ የሚያመጣው የለም።

«ወራት ይፈጃል» ለሚሉ፦ የስቴቱ የቅርስ ቢሮ ለእያንዳንዱ የምርመራ ድምዳሜ (ለምሳሌ «ጉዳት የለም» ለሚለው) መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ነገር ግን የሚቆጠረው የተሟላ ሰነድ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው። የተሠራበት ዓመት ያልተጻፈበት፣ ካርታ የሌለው ወይም «እንደ አስፈላጊነቱ ይታደሳል» የሚል የሥራ ዝርዝር የያዘ ፋይል ቀኑን አያስጀምርም። ከአሜሪካ ተወላጆች (ኔቲቭ አሜሪካን) የጎሳ መንግሥታት ጋር የሚደረገው ምክክርም ጎን ለጎን መሄድ አለበት፤ በተለይ መሬት የሚቆፈር ከሆነ ለመጨረሻ አትተዉት።

ቁፋሮ ካለ ከኮንትራክተሩ ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ አጥንት፣ አሮጌ መሠረት ወይም የሸክላ ስብርባሪ ከተገኘ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሥራ ወዲያው ይቆማል፣ ቦታው ይታጠራል፣ ገንዘቡን የሰጠው መሥሪያ ቤት በዚያው ቀን ይነገረዋል። መሥሪያ ቤቱ ለስቴቱ ቢሮና ለሚመለከታቸው ጎሳዎች በ48 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ስላለበት፣ የሚደወልለት ሰው ስልክ ቁጥር በሥራ ቦታው ላይ ይለጠፍ። የሰው አጥንት ከሆነ ግን መጀመሪያ ለፖሊስ ይደወላል።