ሲቪቲ ምንድን ነው? ባለቺንጊያ ኤቲቪ የወሎን ዳገት ይችላል?

ሐይቅ ከተማ ያለ ወዳጄ ያገለገለ ኤቲቪ ሊገዛ ሲያስብ ደወለልኝ። ያቺ ባለአራት ጎማ፣ እንደ ሞተር ሳይክል በእጀታ የምትነዳዋ ማለቴ ነው። «ወንድምዓለም፣ ካምቢዮዋ በቺንጊያ ነው አሉኝ። በላስቲክ የሚሄድ ነገር የእኛን ዳገት ይችላል?»

«አብሽር» ብዬ ስልኩን ብዘጋ ደስ ባለኝ። ግን ብሩ የልፋቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት። ለእናንተም ልድገመው።

ይህ ዓይነት ካምቢዮ ሲቪቲ ይባላል። ውስጡ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ የሚቆጠር ማርሽ የለውም። ያለው ሁለት ፑሌጃ እና አንድ ወፍራም የላስቲክ ቺንጊያ ነው። ፑሌጃውን ለማየት አክንባሎ አስቡ። ሁለት አክንባሎ ጫፍ ለጫፍ አነካክታችሁ በጎን ብታቆሙ መሃላቸው ላይ ወደ ውስጥ የሚጠብ ቦይ ይፈጠራል። ቺንጊያው የሚሮጠው እዚያ ቦይ ውስጥ ነው። አንዱ ፑሌጃ፣ የፊተኛው፣ ሞተሩ ላይ ነው። ሌላው ኃይሉን ወደ ጎማ በሚወስደው ዘንግ ላይ ነው።

ጥበቡ አክንባሎዎቹ መራራቅና መቀራረብ መቻላቸው ነው። ሞተሩ ሲፈጥን የፊተኛው ፑሌጃ ውስጥ ያሉ ክብደቶች ወደ ውጭ ይወረወራሉ። አንዱን ጎን ወደ ሌላው ይገፉታል። ቦዩ ሲጠብ ቺንጊያው ወደ ላይ ይወጣል። ርዝመቱ አይጨምርምና ኋላ ያለውን ፑሌጃ ከፍቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ፊት ላይ ትንሽ ክብ፣ ኋላ ላይ ትልቅ ክብ ሲሠራ እንደ አንደኛ ማርሽ ነው። ሲገላበጥ እንደ መጨረሻው ማርሽ ነው። በመካከል ያለው ሁሉ ሳይቆራረጥ ያልፋል። እግር የሚረግጠው ፍሪሲዮን የለም፤ ነጂው ነዳጅ ሰጥቶ መሄድ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኔዘርላንዱ መኪና አምራች ዳፍ በ1958 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባሳየው ትንሽ መኪና ላይ ይኸው የላስቲክ ቺንጊያ ነበረ። የአሜሪካው አምራች ፖላሪስ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ኤቲቪውን በዚህ ካምቢዮ አወጣ። ዛሬ ብዙዎቹ ኤቲቪዎች በዚሁ ይሄዳሉ። አውቶማቲክ የተባለ ሁሉ ግን ባለቺንጊያ አይደለም። ሆንዳ ለምሳሌ በኤቲቪዎቹ ላይ አውቶማቲኩን በማርሽም ይሠራዋል። ቪትዝ ላይ ያለው ሲቪቲም ሌላ ነው። የእሱ ቺንጊያ ብረት ነው፤ ዘይት ውስጥ ይሠራል። የኤቲቪው ላስቲክ ነው፤ የሚሠራው ደረቅ ሆኖ፣ በአየር እየቀዘቀዘ ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ። ሰው «ላስቲክ ስለሆነ ይበጠሳል» ይላል። ላስቲኩ ውስጥ ግን አራሚድ የሚባል፣ መሳብን አጥብቆ የሚቋቋም ክር አለ። ጤነኛ ቺንጊያ በጉተታ ብቻ ብጥስ የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቺንጊያን የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው መንሸራተት ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ያን ሽታ ያውቀዋል። ወፍጮው እህል በዝቶበት ሲታነቅ፣ ፑሌጃው እየዞረ ቺንጊያው ሲቆም የሚመጣው የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። ኤቲቪ ላይ የሚሆነውም ያው ነው።

እኔ ራሴ አንድ ቺንጊያ ገድያለሁ። ነሐሴ ላይ ወደ ኩታበር በኩል፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብዬ ዋልካ ውስጥ ገባሁ። ጎማው ተያዘ። እኔ ደግሞ ኤች በምትባለው ከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጁን ደጋግሜ ሳብኩ። ጎማው አልዞረም፣ ቺንጊያውም አልዞረም፤ የፊተኛው ፑሌጃ ግን ይዞር ነበር። ቺንጊያው ስለቆመ አንዲት ቦታ ላይ ጎኑን እንደ ሞረድ በላው። ከዚያ በኋላ ስነዳ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ትል ጀመር። ሽፋኑን ስንከፍት ቺንጊያው አንድ ቦታ ላይ ወገቡ ቀጥኗል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማሽኑ አልነበረም።

ለዚህ ነው ኤል የምትለዋ ፊደል ላይ የምጨቃጨቀው። አብዛኞቹ ኤቲቪዎች ከቺንጊያው ቀጥሎ ኤች (ከፍተኛ) እና ኤል (ዝቅተኛ) የሚባሉ ሁለት የማርሽ ደረጃዎች አሏቸው። ዳገት፣ ጭነት፣ ጭቃ፣ ተጎታች ካለ ኤል ላይ አድርጉ። በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ለረጅም ጊዜ የምታዘግሙ ከሆነም እንዲሁ። በኤል በዚያው ዝግታ ስትሄዱ ሞተሩ በደንብ ይዞራል። ክብደቶቹ ቺንጊያውን አጥብቀው ይይዙታል። ቺንጊያው ላይ የሚያርፈው ሸክምም ይቀንሳል። ፑሌጃው ላይ ያሉት ክንፎች ደግሞ በፍጥነት ሲዞሩ አየር ይነፍሱለታል። ብዙ ሰው ኤልን ለክፉ ቀን ያስቀምጣታል። ወሎ ውስጥ ለአዘቦት ቀን ናት።

ከፍታም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ደላንታ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። የፑሌጃው ክብደቶች ግን ለቆላ ተመጥነው ከመጡ፣ የደከመውን ሞተር ፈጥነው ወደ ከባድ ማርሽ ይገፉታል። ሞተሩ ይጨነቃል፤ ቺንጊያው ይሞቃል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ለደጋ ቀለል ያሉ ክብደቶችን በሰንጠረዥ ያስቀምጣሉ። ያገለገለ ማሽን ከሞቃት ባሕር ዳርቻ አገር ከመጣ ይህን የሚያስታውስ ሻጭ አላጋጠመኝም። ጠይቁ።

ውኃ ላይ ቺንጊያ በእውነት ከማርሽ ይደክማል። ይህን አልክድም። ማርሽ ዘይቱ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። የቺንጊያው ቤት ግን ለማቀዝቀዣ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ያስፈልገዋል። ቦርከና ሞልቶ ሳለ ጠልቃችሁ ከገባችሁ ውኃው በዚያ ይገባል፤ ቺንጊያው ረጥቦ ይንሸራተታል። ያኔ ነዳጅ እየሰጡ መታገል ማቃጠል ነው። ወጥታችሁ አቁሙ። ከቤቱ ሥር የማፍሰሻ ቡሽ ካለ ክፈቱ። ከዚያ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን ትንሽ አስጩኹት፤ ይደርቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ሐረጎን አስቡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ትጥላላችሁ። ባለማርሽ መኪና ላይ ሾፌር ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ይይዛል። አንዳንድ ባለቺንጊያ ኤቲቪዎች ላይ፣ በተለይ በድሮዎቹ፣ ነዳጁን ስትለቁ የፊተኛው ፑሌጃ ይከፈትና ቺንጊያው ይላላል። ማሽኗ እንደ ፎሌ ትንደረደራለች። የቀራችሁ ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግላል። ይህን ለመከላከል ሞተሩ እንዲይዝ የሚያደርግ ክላች የተጨመረባቸው አሉ። የያማሃዎቹ ደግሞ ቺንጊያውን ሁልጊዜ ወጥሮ የሚይዝ ዘዴ አላቸው። ስትገዙ አጭር ቁልቁለት ላይ ሞክሯት። ነዳጁን ስትለቁ ካልያዘች ለእኛ አገር አልመርጣትም።

መለዋወጫውም ይታሰብበት። የኤቲቪ ቺንጊያ እንደ ባጃጅ ዕቃ በየሱቁ አይንጠለጠልም። የወፍጮ ወይም የመኪና ፋን ቺንጊያ አይተካውም፤ ስፋቱም፣ የጎኑ ዘዌም፣ ክሩም ሌላ ነው። አንድ ትርፍ ከመቀመጫው ሥር ይኑራችሁ። መቀየሩ ከባድ አይደለም። ሽፋኑን የያዙትን ብሎኖች መፍታት፣ የኋለኛውን ፑሌጃ መክፈት፣ አውጥቶ ማስገባት ነው። ቀስት ካለበት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ፑሌጃውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ቅባት እንዳይነካው። አዲሱን ለመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትር ያህል አታስጨንቁት።

ወዳጄ ሽፋኑን አስከፍቶ አየ። የቺንጊያው ጎን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ተንሸራትቶ የከረመ ነው። የአዲስ ቺንጊያና የትርፉን ዋጋ አስቀንሶ ገዛት። አሁን ከሐይቁ ዳር ወደ እርሻው ሽቅብ ማዳበሪያ ያመላልስባታል፣ በኤል።