ተጠቃሚው የሚጨምራቸው የፎርም ሳጥኖችና ቫሊዴሽን

የቤተሰብ መመዝገቢያ ፎርም እንበል። አንድ የስምና የዕድሜ መስመር አለው፣ ከስሩ «ልጅ ጨምር» የሚል በተን። በተኑን ሁለቴ ስንጫን ጃቫስክሪፕት (ብራውዘር ውስጥ የሚሰራው የፕሮግራም ቋንቋ) ሁለት አዲስ መስመር ይፈጥራል። የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ብንተው ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ቫሊዴሽን የሚባለው ይህ ፍተሻ ነው። ሦስተኛውን ባዶ ብንተው ፎርሙ ምንም ሳይል ይላካል። ጣጣው ይሄ ነው።

ጃቫስክሪፕት በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው የብራውዘር ኩባንያ ውስጥ ሲሰራ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ፎርም መፈተሽ ከመጀመሪያ ስራዎቹ አንዱ ነበር። ነገሩ መልክ የያዘው ግን ጄኩዌሪ በተባለው የተዘጋጀ የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው። ጄኩዌሪ በ2006 ወጣ፣ ጄኩዌሪ ቫሊዴሽን የሚባለውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ዛሬ «አሮጌ» እያሉ የሚያጣጥሉት ቢበዙም ስንቱን ያበላ መሳሪያ ነው።

ጄኩዌሪ ቫሊዴሽን ሳጥን የሚለየው በኔም (መልሱ በሚላክበት ስም) እንጂ በአይዲ (ገጹ ላይ ባለው መለያ) አይደለም። መስመሩን ኮፒ ስናደርግ ኔሙም አብሮ ይባዛል፣ እሱም ሦስቱን እንደ አንድ ቆጥሮ የመጀመሪያውን ብቻ ፈትሾ ያልፋል። ለፒኤችፒ (ሰርቨር ላይ ለሚሰራ ቋንቋ) ተብሎ ከኔሙ ኋላ ባዶ ቅንፍ ሲደረግም ያው ነው። ቅንፉ ውስጥ 0፣ 1፣ 2 እያሉ ቁጥር ማስገባት ይፈታዋል። መሃል ላይ ያለ መስመር ቢሰረዝ ፒኤችፒ ግድ የለውም። የማይክሮሶፍቱ የዌብ መስሪያ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ ግን ከ0 ጀምሮ ይቆጥርና ክፍተት ሲያገኝ እዚያው ያቆማል፣ ኢንዴክስ የሚባል ድብቅ ሳጥን ካልጨመሩለት በቀር።

ኤምቪሲ 3 በ2011 ሲመጣ ደግሞ የፍተሻ ህጎቹ ገጹ በሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ላይ ተጻፉ። የሚነበቡት ገጹ ሲከፈት አንዴ ነው። አዲስ መስመር ጨምሮ ፓርስን (ህጎቹን አንብብ የሚለውን ትዕዛዝ) መጥራት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ፎርሙ ቀድሞ የያዘው ቫሊዴተር (ፈታሽ) አለና። መጀመሪያ እሱን ከፎርሙ ዳታ ማጥፋት፣ ከዚያ ፓርስ ማድረግ። እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት በልቶኛል።

በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ይህን ጣጣ የለውም፤ ሪኳየርድ (የግድ የሚሞላ) የተባለ ሳጥን አዲስም ይሁን ነባር ብራውዘሩ በመላኪያው ሰዓት ይፈትሸዋል። በጃቫስክሪፕት ሰብሚትን (የመላኪያ ትዕዛዙን) በቀጥታ ከጠሩ ግን ፍተሻው ይዘለላል። ሪአክትና ቩ የተባሉት የጃቫስክሪፕት መሳሪያዎች ሳጥኖቹን ከዳታው ስለሚስሉ የሚፈተሸው ዳታው ነው።

ስህተቱ እየተጻፈ ሳለ ይታይ ወይስ ከሳጥኑ ሲወጡ? ሁለቱም ደጋፊ አላቸው። ለእኔ ሰው ስሙን ሳይጨርስ በቀይ መጮህ ነውር ነው።

እኛ አገር ህጉ ራሱ ሲሳሳት ይታያል። በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ የሚቀበል ፎርም በ2022 ስራ የጀመረውን የሳፋሪኮም ኢትዮጵያን 07 ይመልሳል። ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚል ፎርም ላይ «ጸጋዬ» ብሎ በፊደል መጻፍ አይቻልም፤ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት የሚለይበት ስርዓት) ውስጥ የገባው ግን በ1999 ነው።

ብራውዘር ላይ ያለውን ሁሉ ማንም ማጥፋት ስለሚችል ፎርሙን የሚቀበለው ሰርቨር እንደገና መፈተሽ አለበት፣ ይሄ ድርድር የለውም። ላራቬል በተባለው የፒኤችፒ መስሪያ ላይ በኮከብ ምልክት ለሁሉም መስመር አንድ ህግ መስጠት ይቻላል። ግን ምንም መስመር ካልተላከ ኮከቡ የሚፈትሸው አያገኝምና ባዶው ፎርም ያልፋል። ስለዚህ «ልጆች» ለሚለው ዝርዝር ለራሱ ሌላ ሪኳየርድ ይጻፍለታል።