ኤፍ ኤል-41፦ ማይግሬን ላለባቸው ሰዎች የሚታዘዘው ሮዝ መነጽር

ኤፍ ኤል-41 ማይግሬን ሲነሳባቸው ብርሃን ዓይናቸውን ለሚወጋቸው ሰዎች የሚታዘዝ የመነጽር ሌንስ ቀለም ነው። ሲያዩት ሮዝ ነው፤ ደመቅ ተደርጎ ከተቀባ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ሥራው ብርሃንን በጅምላ ማጨለም አይደለም። ከሚታየው ብርሃን ውስጥ አንዱን ክፍል፣ በተለይ ከ480 እስከ 520 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ሰማያዊና ሰማያዊ-አረንጓዴ ብርሃን ለይቶ ይቀንሳል። ከተራው የፀሐይ መነጽር የሚለየው በዚህ ነው። ብዙ ገዢ ገንዘቡን የሚያባክነውም ይህን ሳያጣራ ቀለሙን ብቻ አይቶ ስለሚገዛ ነው።

ብርሃን ለምን ያማል?

ማይግሬን ተራ ራስ ምታት አይደለም። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይወቅራል፤ ደረጃ መውጣት እንኳ ያባብሰዋል። ሐኪሞች ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ አለዚያም ብርሃንንና ድምፅን አንድ ላይ መጥላት ነው። አንዳንዱ ብርሃን የሚያስቸግረው ሕመሙ ሲነሳ ብቻ ነው። ሌላው ግን ደህና በሆነበት ቀንም ቢሮ ውስጥ ካለው መብራት ሥር መቀመጥ ይከብደዋል፤ መነጽሩ ይበልጥ የሚጠቅመውም ይህንን ሰው ነው።

ለረጅም ጊዜ ብርሃን የሚያሳምመው በምን መንገድ እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን የሚሠሩት ራሚ ቡርስቲንና ባልደረቦቻቸው ዓይነ ስውር የሆኑ የማይግሬን ሕሙማንን አጥንተው ያገኙት ነገር ጉዳዩን አፍታታው። የዕይታ ነርቫቸው የተጎዳ ወይም ዓይናቸው የወጣ፣ ምንም ብርሃን የማይለዩ ሕሙማን ብርሃን ሕመማቸውን አላባባሰባቸውም። ቅርጽ ማየት ባይችሉም ብርሃንን ከጨለማ የሚለዩት ግን እንደ ዓይናማው ሰው ተሠቃዩ። ስለዚህ ሕመሙን የሚያስተላልፈው መንገድ ምስል ከምናይበት የተለየ ነው ማለት ነው።

መንገዱ የሚጀምረው በሬቲና፣ ማለትም በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ ካሉ ጥቂት ልዩ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሜላኖፕሲን የሚባል ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ዋና ሥራቸውም ቀንና ሌሊትን ለሰውነት ማሳወቅና የዓይን ብሌንን ማጥበብና ማስፋት ነው። ሜላኖፕሲን ይበልጥ የሚነቃው በ480 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ከሕዋሳቱ የሚነሳው መልእክት ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ ከአንጎል ሽፋን የሚመጣውን ሕመም ከሚቀበሉት ነርቮች ጋር ይገናኛል። የኤፍ ኤል-41 አመክንዮ እንግዲህ ቀላል ነው፤ ያንን ሞገድ ከቀነስክ መልእክቱን ታዳክማለህ።

አመጣጡና ማስረጃው

ቀለሙ ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ይቀድማል። መጀመሪያ እንግሊዝ አገር የተዘጋጀው ፍሎረሰንት መብራት የሚያስከትለውን የዓይን ድካም ለመቀነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በበርሚንግሃም በ20 ማይግሬን ባለባቸው ልጆች ላይ ተሞከረ፤ ገሚሱ ሮዝ፣ ገሚሱ ተመጣጣኝ ድምቀት ያለው ሰማያዊ መነጽር ተሰጠው። በመጀመሪያው ወር ሁለቱም ወገን ተሻለው። እስከ አራተኛው ወር መሻሻሉ የዘለቀው ግን ሮዙን ላደረጉት ነው፤ በወር በአማካይ 6.2 ጊዜ ይነሳ የነበረው ሕመም ወደ 1.6 ወረደ። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ነገር ግን 20 ልጅ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሞራን የዓይን ማዕከል ቀጠለ። ካትሊን ዲግሬና ብራድሊ ካትዝ ቀለሙን በማይግሬን ብቻ ሳይሆን ዐይን ያለ ፈቃድ በሚርገበገብበትና በሚጨፈንበት ሕመም ላይም አጥንተው መርገብገቡን እንደሚቀንስ አሳዩ። ዩታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ትሕትና ያስተምራል። ተመራማሪዎቹ 480 ናኖሜትርን ብቻ የሚቆርጥ ሽፋን ሠሩ፤ ለማነጻጸሪያ ደግሞ አይጠቅምም ብለው ያሰቡትን 620 ናኖሜትር የሚቆርጥ ሌንስ አዘጋጁ። ጥናቱን ከጀመሩት 48 ሰዎች 37ቱ ጨረሱ። ሁለቱም ሌንሶች የራስ ምታቱን ጫና ቀነሱ፤ በመካከላቸውም ጎላ ያለ ልዩነት አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ከሜላኖፕሲን ጠባይ ጋር ሊያያዝ ይችላል ብለዋል። «መነጽር አደረግኩ» ከሚል እምነት የሚመጣ መሻሻልም አብሮ መታሰብ አለበት። በአጭሩ መነጽሩ ብዙዎችን ይረዳል፣ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ «ማይግሬን ያድናል» የሚል ሻጭ ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ተናግሯል።

ሌንሱ እንዴት ይቀባል?

አብዛኛው ኤፍ ኤል-41 የሚሠራው ሲአር-39 በሚባለው የተለመደ የፕላስቲክ ሌንስ ላይ ነው። ሌንሱ በደንብ ታጥቦ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ የቀለም ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ በቆየ ቁጥር ይደምቃል። ቀለሙ ወደ ላይኛው ገጽ ብቻ ስለሚሰርግ የሌንሱ ውፍረት ከቦታ ቦታ ቢለያይም ድምቀቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ሁለቱ ሌንሶች አብረው መነከር አለባቸው፤ ለየብቻ ከተነከሩ አንዱ ዓይን ጠቆር ያለውን ይዞ ይቀራል፣ ይህም ራሱ ያሳምማል። ቀጭኑ ባለ ከፍተኛ ኢንዴክስ (ብርሃንን ይበልጥ የሚሰብር) ሌንስ ቀለም ቶሎ አይቀበልም። በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ በሆነው ፖሊካርቦኔት ላይ ቀለሙን የሚይዘው ሽፋኑ እንጂ ሌንሱ አይደለም። እውነተኛ መስታወት ደግሞ በዚህ መንገድ አይቀባም።

የጸረ-ነጸብራቅ ሽፋን የሚደረገው ከቀለሙ በኋላ ነው። ሽፋን ያለበትን አሮጌ መነጽር ወስዶ «ሮዝ ቀቡልኝ» ማለት አያዋጣም፤ ቀለሙ አይገባም፣ ወይም ተዥጎርጉሮ ይወጣል። ሽፋኑ በሌንሱ የውስጥ ገጽም መኖር አለበት። ከኋላ የሚመጣ መብራት ሌንሱ ላይ ነጥሮ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ባለቀለም ሌንስ ላይ ደግሞ ይህ ነጸብራቅ ይበልጥ ይታወቃል።

ትልቁ ወጥመድ የቀለሙ መመሳሰል ነው። ሁለት ሮዝ ሌንሶች ለዓይን አንድ መስለው አንዱ 480 ናኖሜትርን ሲቆርጥ ሌላው ሊያሳልፈው ይችላል። ሰፈር ያለ መነጽር ቤት ያለውን ሮዝ ቀለም ነክሮ ቢሰጥ ኤፍ ኤል-41 ሰጠ ማለት አይደለም። ሻጩን የሌንሱን የብርሃን ማሳለፊያ ግራፍ መጠየቅ ይገባል፤ ከ480 እስከ 520 ባለው ቦታ ላይ መስመሩ ጎድጎድ ብሎ መታየት አለበት። ግራፍ የሌለው ሻጭ ቀለም እንጂ ማጣሪያ አልሸጠም። ለኮምፒውተር ተብሎ የሚሸጠው «ብሉ ከት»ም ምትክ አይሆንም፤ በአመዛኙ የሚቀንሰው ከ450 ናኖሜትር በታች ያለውን፣ ያንንም በጥቂቱ ነው።

ሲያዝዙ

በቅድሚያ ዓይን ይመርመር። ያልተስተካከለ የዕይታ ጉድለትና የዓይን ድርቀት ራሳቸው ብርሃን እንዲወጋ ያደርጋሉ፤ ድርቀቱ ሳይታከም የተገዛ ሮዝ መነጽር ግማሽ ሥራ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ ዘመድ በኩል የሚያስመጣ ሰው የመነጽር ቁጥሩን ብቻ መላክ አይበቃውም። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ተለክቶ አብሮ መጻፍ አለበት፤ ይህ ከተሳተ የሌንሱ መሐል ከዓይን ጋር አይገጥምም፣ ራስ ምታትም ይጨምራል።

ድምቀት ሲነገር «50 በመቶ» ማለት ለአንዱ ሱቅ 50 በመቶ የሚያስቀር፣ ለሌላው 50 በመቶ የሚያሳልፍ ነው። በ50 ላይ ለውጥ የለውም፤ በ25 ግን ሁለት የማይገናኙ መነጽሮች ይሆናሉ። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ለቤት ውስጥ የሚመረጠው ከሚመጣው ብርሃን ግማሽ ገደማ የሚያሳልፍ ነው። ለውጭ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጥሩ የፀሐይ መነጽር ከ8 እስከ 18 በመቶ የሚያሳልፍ፣ ምድብ 3 የሚባለው ይሆናል፤ ጨረር መከላከያውም እስከ 400 ናኖሜትር መሆን አለበት። ቀለም ብቻውን አልትራቫዮሌትን አይከለክልም። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ይህን ችላ ማለት አይገባም።

ፍሬም ሲመረጥ ውበት ሁለተኛ ነው። ሌንሱ ሰፊ፣ ለቅንድብ የቀረበ፣ ጎኑ ወፈር ያለ ይሁን፤ ከላይና ከጎን የሚሾልከው ብርሃን ያልተጣራ ነው። ከላይ ጠቁሮ ወደ ታች የሚሳሳ ቀለም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ስልክና ወረቀት የሚታዩት በሳሳው በኩል ነው።

አጠቃቀም፣ ከሁሉ በላይ ጥቁር መነጽርን ቤት ውስጥ አለማድረግ

ብርሃን የሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጥቁር የፀሐይ መነጽሩን ቢሮም ቤትም ማድረግ ነው። ለጊዜው ያሳርፋል፤ ችግሩ ግን ያድጋል። ዓይን ቀኑን ሙሉ ጨለማ ሲያይ ከጨለማው ጋር ይላመዳል፣ ለብርሃን ያለው ስሜትም ይጨምራል። ሳምንታት ሲያልፉ ቀድሞ የሚቻለው መብራት የማይቻል ይሆናል፤ ሰውየው የበለጠ ጥቁር መነጽር ይፈልጋል፤ መጋረጃ ይዘጋል። ከዚህ ልማድ በአንድ ቀን መውጣት አይቻልም። ቤት ውስጥ ጥቁሩን በኤፍ ኤል-41 ተክቶ፣ መጋረጃውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈቱ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው የሚወጣው። በሕመሙ ጫፍ ላይ ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት ከዚህ አይቆጠርም፤ እሱ ለሰዓታት ነው።

ሮዙ መነጽር የሚደረገው አስቸጋሪው ብርሃን ባለበት ነው፦ ፍሎረሰንት ያለበት ቢሮ፣ ሱፐርማርኬት፣ ረጅም የስክሪን ሥራ። መብራቱ ለስላሳ የሆነበት ቦታ ላይ ይወልቃል። ሕመሙ ከተነሳ በኋላ ከማድረግ ወደ መብራቱ ሳይገቡ ማድረጉ ይሻላል። መጥቀም አለመጥቀሙን ለመለየት ቀደም ብሎ አንድ ወር የሕመም ቀናትን መመዝገብ፣ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ሁለትና ሦስት ወር መመዝገብ ያስፈልጋል። በበርሚንግሃሙ ጥናት የመጀመሪያው ወር ሰማያዊውንም አስመስግኖ ነበርና በአራት ሳምንት አይፈረድም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ ወረቀት ሮዝ ይመስላል፤ አንጎል ቶሎ ይለምደዋል። የቀለም መዛባቱ ግን አይጠፋም፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ይደበዝዛሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ሲለይ፣ ልብስ ሰፊ ክር ሲያመሳስል ሊያወልቀው ይገባል። ከ75 በመቶ በታች የሚያሳልፍ ማንኛውም ባለቀለም ሌንስ በምሽትና በማታ ለመንዳት አይሆንም፤ የቤት ውስጡ ኤፍ ኤል-41ም ከዚህ በታች ነው።

እንክብካቤው ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ነው። በደረቁ በነጠላ ጫፍ መጥረግ አቧራውን ሌንሱ ላይ መፈግፈግ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ ሽፋኑ ይሰነጣጠቃል፤ ቀለሙም በዓመታት ውስጥ ይለቃል።

መብራቱንም ማየት

አንዳንዴ ርካሹ መፍትሔ ጣሪያው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ያለው 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በአሮጌ የብረት ባላስት (ለቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ) የሚሠራን ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ያርገበግበዋል። ዓይን አያየውም፤ የነርቭ ሥርዓት ግን ይቀበለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 አርኖልድ ዊልኪንስና ባልደረቦቹ አንድ እንግሊዝ አገር ያለ ቢሮ ውስጥ ባላስቱ በኤሌክትሮኒክ ሲተካ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይተዋል። ከቱቦው ብርሃን ይበልጥ የሚርገበገበው ሰማያዊው ክፍል ስለሆነ፣ ሮዙ ሌንስ ርግብግብታውንም ያቃልላል። ርካሽ ኤልኢዲም ሊርገበገብ ይችላል፤ በስልክ ካሜራ ሲታይ ጥቋቁር መስመሮች ከሮጡ አምፖሉን መቀየር ነው።

አረንጓዴ ብርሃን ሌላ መንገድ ነው። የቡርስቲን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ደማቅ ብርሃን የአብዛኛውን ሕመምተኛ ሥቃይ ሲያባብስ አረንጓዴው ከሁሉ ያነሰ አባብሷል፤ ደብዛዛው አረንጓዴ እንዲያውም ሕመሙን በ20 በመቶ ገደማ አቅልሏል። ይህ የሚሠራው ሌላው ብርሃን ሁሉ ጠፍቶ ጠበብ ያለ አረንጓዴ ብቻ ሲበራ ነው፤ ተራ አምፖልን በአረንጓዴ ላስቲክ መሸፈን ያንን አያስገኝም።

መነጽር የማይነካው

መነጽሩ የማይግሬን መድኃኒትን አይተካም። ሕመሙ በወር ብዙ ቀን የሚነሳበት ሰው እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ መከላከያ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ከሦስት ወር በላይ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን (ማይግሬን ሲነሳ የሚወሰድ መድኃኒት) ወይም ቅይጥ ማስታገሻ 10 ቀንና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል፤ ያኔ የሌንስ ቀለም መለዋወጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ብርሃን መፍራት ሁሉ ማይግሬንም አይደለም። ትኩሳትና የአንገት መገተር አብሮት ከመጣ ማጅራት ገትር ይጠረጠራል። አንድ ዓይን ቀልቶ ከታመመና ዕይታ ከደበዘዘ፣ በተለይ አምፖል ዙሪያ ቀለበት ከታየ፣ የዓይን ውስጥ ቁጣ ወይም ድንገተኛ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር) ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። በቅጽበት ጫፍ የደረሰ ፍልጠት፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታት፣ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ብርሃን መፍራትም መጀመሪያ ወደ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው።