«ጾም ያነጫንጫል» እና ሌሎች ልክ ያልሆኑ አባባሎች

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሰኞ ሲመጣ እናቴ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች። ሰው ማናገር አትፈልግም። እኛም ቤት፣ ጎንደር ውስጥ ባሉ ብዙ ቤቶችም፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ጾም ያነጫንጫል።»

ረሃብ ማበሳጨቱ አይካድም። ለኪዳን ሲነሱ የሚጎድለው እንቅልፍም አለ። ራስ የሚፈልጠው ግን ብዙ ጊዜ ቡናው ነው። እናቴ በፍስኩ ጠዋት ከአቦል እስከ በረካ ትጠጣለች። በጾሙ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አትቀምስ። ሰውነት የለመደው ካፌይን ድንገት ሲቀር፣ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓታት ባለው ጊዜ ራስ ምታት፣ ድካምና ንጭንጭ ይጀምራል። በሳምንት ገደማ ይለቃል። ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሲል መጀመሪያ በረካውን፣ ከዚያ ቶናውን አስቀረን። አቦሉንም ቀስ በቀስ ወደ ከሰዓት ገፋነው። ሰኞ ዕለት ሻሹ አንገቷ ላይ ነበር።

«የጾም ምግብ አቅም የለውም» የሚሉም አሉ። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በፕሮቲን የታወቁ ናቸው፤ ስልጆ ራሱ ባቄላ ነው። ከዕፅዋት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። እሱ ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ድካምና ድብርት ያመጣል። ግን ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች፣ በፍስኩ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ሰው በ55 ቀን አይጎዳም። በፍስኩም ለማያገኝ ሰው ግን መመርመር ይበጃል።

በጣም የሚያሳስበኝ «ታመምኩ ብሎ መብላት ኃጢአት ነው» የሚለው ነው። አንድ ጎረቤታችን የድብርት መድኃኒቱን ለጾም ብሎ አቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ አጣ፤ ከሰውም ራቀ። ቤተ ክርስቲያን እኮ ለታመመ ትፈቅዳለች፤ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ነው። ቁርኣንም የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅዳል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ በራሱ ግን አያቁም።

«ጾም ሥጋና ቅቤ መተው ነው» ለሚሉ ደግሞ አንደበትም ይጾማል። ባለፈው ረቡዕ ከ9 ሰዓት በፊት የቆሎ ተማሪ በራችን ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። እናቴ ራሷ ምንም ሳትቀምስ ወጣች። አኩፋዳውን በሁለት እጇ ሞላችለት፤ የማን ልጅ እንደሆነም ቁጭ ብላ ጠየቀችው።