ስብሰባ ጠራን ማለት አማከርን ማለት አይደለም

«ከባለድርሻ አካላት ጋር ተመካክረናል» የማይል ሪፖርት የለም። ማስረጃው የአቴንዳንስ ፊርማና ባነር ሥር የተነሳ ፎቶ ነው። ጅማ ላይ አካል ጉዳተኞችን፣ የአእምሮ ሕመም ታካሚዎችን ወይም ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩትን የሚመለከት መመሪያ በዚህ መንገድ መውጣቱ መቆም አለበት። እንዲቀጥል ያደረጉት የሚከተሉት የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው።

«ማሳተፍ የመሥሪያ ቤቱ ቸርነት ነው»

ግዴታ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲ ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕግና ፖሊሲ ሲወጣ ከወኪል ድርጅቶቻቸው ጋር በቅርበት መመካከርን ያዛል።

«ባለሙያው ያውቅላቸዋል»

ሐኪሙ መድኃኒቱን ያውቃል። ከገጠር ወረዳ ለክትትል የሚመጣው ሰው ኅዳር ላይ ቀጠሮ የሚያልፈው ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ታካሚው ራሱ ነው። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ ከማሳው የራቀ የዓመት ገቢው ይጎዳል። ይህን የሚናገር ሰው ካልተገኘ መመሪያው «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ብሎ ያልፋል፤ የሚያስፈልገው ግን ከለቀማው በፊት ለረዘመ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት መስጠት ነው።

«ጠርተን ጠይቀናቸዋል»

ከሁሉም የሚያሰለቸው ይህ ነው። የተጠሩት መቼ ነው? ረቂቁ አልቆ፣ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ። ራምፕን፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበትን ተዳፋት መንገድ፣ እንውሰድ። የ2001ዱ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። የሚሠራው ግን ለምሳሌ 45 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው በር 2 ሜትር ራምፕ ነው። ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት በሚለው የተለመደ ስሌት 5 ሜትር ከ40 ያስፈልግ ነበር። ላዩ ሊሾ ስለሆነ የጅማ ዝናብ ሲነካው ጎማ ይንሸራተታል። ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ማረፊያ ስለሌለ ወደ ውጭ የሚከፈተው በር ዊልቸሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ፕላኑን ገና በንድፍ ላይ ሳለ ቢያየው ሦስቱንም ጉድለቶች ነቅሶ ያወጣቸው ነበር። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ምን ይጨምራል?

ስለዚህ ሰዎቹን ችግሩ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠና ጥሯቸው። ረቂቁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይድረሳቸው። ስካን ተደርጎ በቴሌግራም የተላከ ገጽ ለዓይነ ስውር ባዶ ወረቀት ነው፤ ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌር ፎቶ ስለማያነብ በዎርድ ላኩት። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ሁለት ሆነው በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ አንዱ ብቻውን ግማሽ ቀን ከሠራ ደክሞ ሐሳብ መዝለል ይጀምራል። አዳራሹ ደረጃ የማያስፈልገው ምድር ወለል ላይ ይሁን። የተሳታፊውና የአጃቢው የባጃጅ ገንዘብ በዕለቱ በእጅ ይከፈል፤ በኋላ በደረሰኝ ይወራረዳል ከተባለ የድሃው ወንበር ባዶ ይቀራል።

ሲያልቅ ቃለ ጉባኤ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይዘጋጅ፦ ምን ተባለ፣ ምን ተቀየረ፣ ካልተቀየረ ለምን። ይህ ተመልሶ ያልደረሳቸው ሰዎች በሚቀጥለው ጥሪ አይመጡም፤ እውነታቸውን ነው።

«የራሳቸውን ብሶት ብቻ ያወራሉ»

«ምን ደረሰባችሁ?» ብቻ ብሎ የጠየቀ ብሶት ይሰማል። «ይህ አንቀጽ እንዴት ይስተካከል?» ብላችሁ ጠይቁ።

«አንድ ወኪል ይበቃል»

መስማት የተሳነው ሰው ስለ ዊልቸር አይመሰክርም፤ የከተማው ወንድ የገጠሯ ሴት መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ምን እንደሚገጥማት አያውቅም። ከየጉዳት ዓይነቱ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ አንዷ ሴት፣ ይጠሩ። ብቻውን የመጣ ሰው በባለሥልጣናት መካከል ተቀምጦ መከራከር ስለሚከብደው አንገቱን ነቅንቆ ይወጣል፤ ሪፖርቱም ያንን «በሙሉ ድምፅ ተደገፈ» ብሎ ይጽፈዋል።