ወይና ደጋ ሲባል ምን ማለት ነው?

«ኮምቦልቻ ቆላ ነው ወይስ ወይና ደጋ?» ሁሌ እንጨቃጨቅበታለን። ቃሉ በዋናነት የሚለካው ከባሕር ወለል በላይ ባለው ከፍታ ነው። እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2,300 ገደማ ወይና ደጋ (ወይን የሚያበቅል ደጋ እንደማለት)፣ ከዚያ በላይ ደጋ፤ 3,200ን ካለፈ ውርጭ ነው። ድንበሩ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ 1,850 አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ላብ በላብ ብታደርግህም ወይና ደጋ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተህ ጦሳ ተራራ ሥር ደሴ ስትገባ ግን ጋቢ ያምርሃል፣ እሷ ደጋ ናት።

የሰው አፍ ግን ሜትር አይዝም። ከእኛ ይልቅ በምትሞቀው ባቲ የምትኖረው አክስቴ ኮምቦልቻ በመጣች ቁጥር ነጠላዋን እየተከናነበች «እናንተ ደገኞች፣ እንዴት ቻላችሁት?» ትለናለች። የቤት ደላላም «ለኑሮ ተስማሚ ወይና ደጋ» ካለህ፣ ሊል የፈለገው አየሩ ሞቅ ያለ ሰፈር ነው እንጂ ከፍታውን ለክቶ አይደለም።